ጋአን ሊባህ፦ ውሃውን ከጉም የሚያጠራቅመውን የሶማሊላንድ ተራራ ማን ይጠብቀው?

ስለ ሶማሊላንድ በአማርኛ የሚዘገበው ዜና አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም የሚያበቃውም በበርበራ ወደብ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እና የወቅቱ የሶማሊላንድ ፕሬዝዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ በአውሮፓውያኑ ጥር 1/2024 አዲስ አበባ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ከተፈራረሙ ወዲህ ደግሞ የባሕር በር ጉዳይ ሌላውን ሁሉ ጋርዶታል።

ከወደቡ በስተደቡብ፣ ከባሕር ዳርቻው ሜዳ ጀርባ እንደ ግድግዳ የቆመው የጎሊስ የተራሮች ሰንሰለት ግን እምብዛም አይነሳም። የዚህ ሰንሰለት አካል የሆነው ጋአን ሊባህ ከሐርጌሳ በስተሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። ስሙ በሶማሊኛ "የአንበሳ እጅ" እንደ ማለት ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2025ን የበረዶ ግግር ጥበቃ ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። መጋቢት 21ም ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም የበረዶ ግግር ቀን ሆኖ ታስቧል። ተከታዩ 2026 ደግሞ የግጦሽ መሬቶችና የአርብቶ አደሮች ዓመት ተብሏል። ጋአን ሊባህ የበረዶ ግግር የለውም፤ ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት የተነሳው ጥያቄ እርሱንም ይመለከታል። ተራራው ያጠራቀመው ውሃ ሲጎድል ከግርጌው የሚኖረው ሰው ምን ይሆናል? የግጦሽ መሬት እንደመሆኑ ደግሞ የሁለተኛው ዓመት አጀንዳ በቀጥታ የእርሱ ጉዳይ ነው።

አጭሩ የእግር ጉዞ

ወደ ጋአን ሊባህ ከደቡብ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ተራራ እየወጣ መሆኑን ቶሎ ላይረዳ ይችላል። መሬቱ ከፍ የሚለው ቀስ በቀስ ነው። ግራርና እሬት የበዛበት ደረቅ ሜዳ ሳይታወቅ ነፋሻማ ወደሆነ ከፍታ ይለወጣል፤ ከዚያ ጽዶች ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ከመኪና ወርዶ በዛፎቹ መካከል ጥቂት የተራመደ ሰው መሬቱ በድንገት የሚያበቃበት ቦታ ላይ ይደርሳል። ከእግሩ በታች ገደል ነው። ከገደሉ ማዶ ሶማሌዎች ጉባን፣ "የተቃጠለው ምድር" የሚሉት ሞቃታማ ሜዳ እስከ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ድረስ ተዘርግቷል።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ከሩቁ ሜዳ ይልቅ ዛፉ ቅርብ ነው። በጋአን ሊባህ አናት ላይ የሚበቅለው ጽድ በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር፣ በመናገሻ ሱባ ደንና በባሌ ተዳፋቶች ላይ ከሚታየው የሐበሻ ጽድ ጋር አንድ ዓይነት ዛፍ ነው። ወይራና ክትክታም በዚሁ ሰንሰለት የጽድ ደኖች ውስጥ ይገኛሉ። ዝናብ ባጠረበት የሶማሌ ምድር መካከል የደጋ ደን ቁራጭ ማየት እንግዳውን ማስገረሙ አይቀርም።

ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ግን ከገደሉ ጫፍ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ከባሕሩ የሚነሳው እርጥብ አየር ከገደሉ ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲቀዘቅዝም ጉም ሆኖ ጫፉን ይሸፍነዋል። ሜዳውንና ባሕሩን ለማየት የመጣው ጎብኚ ነጭ መጋረጃ ፊት ቆሞ ይመለሳል። ለእርሱ ጉሙ እንቅፋት ነው። ለተራራው ግን በድርቅ ወራት የሚደርስለት ዋነኛ እርጥበት ነው።

የሚያምረው ሐይቅ፣ የሚጎድለው በረዶ

በሌላው ዓለም የተራራ ጎብኚን ከሚስቡት አጫጭር የእግር ጉዞዎች መካከል ወደ በረዶ ግግር ሐይቅ መመልከቻ የሚወስዱት ግንባር ቀደም ናቸው። በአልፕስ ተራሮች ወይም በኒውዚላንድ አንድ ሰዓት እንኳ ያልሞላ መንገድ የሄደ ሰው ከስሩ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ውሃ ተኝቶ ያያል። ቀለሙን የሚሰጠው በረዶው ሲንቀሳቀስ ዐለቱን እየፈጨ የሚያወርደው ደቃቅ ዱቄት ነው።

ከእነዚህ ሐይቆች ብዙዎቹ ግን አዲስ ናቸው። በኒውዚላንድ የሚገኘው የታዝማን ሐይቅ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ እንደ አንድ ሐይቅ አልነበረም፤ ዛሬ በርካታ ኪሎ ሜትሮች ይረዝማል። የያዘው ቦታ ከዚያ በፊት የበረዶው ነበር። ስለዚህ ጎብኚው ፎቶ የሚያነሳው ውበት የጉዳቱም ምስል ነው። ሐይቁ በሰፋ ቁጥር በረዶው ይርቃል። ጋአን ሊባህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የተራራው ሀብት ዕይታውን የሚከልለው ጉም ነው።

በአፍሪካ የበረዶ ግግር የቀረው በሦስት ቦታዎች ብቻ ነው፤ በታንዛኒያው ኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራ፣ እንዲሁም ኡጋንዳንና ዴሞክራቲክ ኮንጎን በሚያዋስነው ሩዌንዞሪ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት አሁን ባለው አካሄድ በ2040ዎቹ ሁሉም ሊጠፉ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል።

ይሁንና ከኪሊማንጃሮ የተገኘ አንድ ትምህርት ለጋአን ሊባህም ይጠቅማል። ጀርመናዊው የሥነ ምሕዳር ተመራማሪ አንድሬያስ ሄምፕ በ2005 ባሳተሙት ጥናት በተራራው ዙሪያ ለሚኖረው ሕዝብ ውሃ ይበልጥ አሳሳቢው ከበረዶው መቅለጥ ይልቅ የደኑ መቃጠል መሆኑን አሳይተዋል። ከአናቱ የሚቀልጠው በረዶ ለምንጮችና ለወንዞች የሚያዋጣው ትንሽ ነው። ዝናቡን የሚቀበለውና ጉሙን የሚያጠምደው በተራራው ወገብ ላይ ያለው ደን ነው። ሆኖም የዓለምን ዓይንና ካሜራ የሚስበው አናቱ ላይ ያለው ነጭ ቆብ ነው።

የባሌው ጥቁር ሐይቅ

የአፍሪካ ቀንድ ራሱ የበረዶ ግግር የነበረበት ዘመን አለ። በባሌ ተራሮች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,950 ሜትር ገደማ ላይ ገርባ ጉራቻ የተባለ ሐይቅ ይገኛል። ስሙ በአፋን ኦሮሞ "ጥቁር ሐይቅ" ማለት ነው። በረዶ ቦርቡሮ በተወው ጎድጓዳ ስፍራ ላይ የተፈጠረው ይህ ሐይቅ በኢትዮጵያ ከሚገኙት ጥቂት የበረዶ ግግር አሻራዎች አንዱ ነው። በሳነቴ አምባና በዙሪያው ባሉ ሸለቆዎች የተንጣለለው በረዶ ቀልጦ ካለቀ ከ10,000 ዓመት በላይ ሆኖታል።

በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው በባሌ ፊንጫ ሀበራ የተባለው የዋሻ መጠለያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን የሰው መኖሪያ ነበር። ነዋሪዎቹ ፍልፈል መሰሉን የባሌ አይጥ እያደኑ ይመገቡ ነበር። የሚጠጡት ውሃም በቅርብ ከነበረው በረዶ የሚወርድ ነበር። በረዶው ጠፍቶ ሐይቁ ሲቀር ተራራው የውሃ ማማነቱን አልተወም፤ ያጠራቀመበት መንገድ ግን ተለወጠ። የበረዶውን ቦታ ረግረጉ፣ የውጨናው ቁጥቋጦና የሐረና ደን ወሰዱት። ዛሬ ዋቤ ሸበሌንና ገናሌን ጨምሮ ከባሌና ከአካባቢው ከፍታዎች የሚነሱ ወንዞች በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎችና በሶማሊያ ሚሊዮኖችን ያጠጣሉ።

ከገርባ ጉራቻ ወለል የተወሰደው ደለል ከ15,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የአየር ንብረት መዝገብ ነው። ከመዝገቡ የሚነበበው ቀንዱ ከዛሬው በእጅጉ እርጥብ የነበረበት ረጅም ዘመን፣ ቀጥሎም ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት የጀመረ ድርቀት ነው። ይህንኑ ታሪክ ሐርጌሳ አጠገብ ያለው ላስ ጌል በሌላ መንገድ ይናገራል። በ2002 በፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ለዓለም የተዋወቁት የዋሻ ሥዕሎች ያጌጡ ከብቶችን ያሳያሉ። ዛሬ በዚያ አካባቢ የሚበዙት ግመልና ፍየል ናቸው፤ የስፍራው ስምም "የግመሎች ጉድጓድ" እንደ ማለት ነው። ጋአን ሊባህ ላይ የቀረው የጽድ ደን ከዚያ እርጥብ ዘመን ተርፎ በጉም ኃይል እስከ ዛሬ የቆየ ቅሪት ነው ማለት ይቻላል።

ጉሙ እንዴት ውሃ ይሆናል?

የጉም ጠብታዎች እጅግ ደቃቅ በመሆናቸው በራሳቸው ክብደት መሬት ላይ አይወድቁም፤ ከነፋሱ ጋር ያልፋሉ። የሚያስቆማቸው ነገር ሲያገኙ ግን ይጠራቀማሉ። የጽድ ጥቃቅን ቅጠሎችና ከቅርንጫፎቹ ላይ እንደ ጺም የሚንጠለጠለው ሽበት ነፋሱን እንደ ማበጠሪያ ያበጥሩታል። ጠብታ በጠብታ ላይ ሲደመር ውሃው ግንዱን ይዞ ይወርዳል፤ ከዛፉ ስር ባለው የበሰበሰ ቅጠልና አፈር ይመጠጣል። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ከጽድ ስር ያለው መሬት እርጥብ ሆኖ ሜዳው ደርቆ የሚታየው ለዚህ ነው።

ይህ ዘዴ ለአካባቢው አገሮች አዲስ አይደለም። በኤርትራ ከቀይ ባሕር ፊት ለፊት ያለው የፍልፍል ሰሎሞና አረንጓዴ ተዳፋት የሚኖረው በዚሁ መንገድ ነው። በ2000ዎቹ በኤርትራ ተዳፋት መንደሮች ጉም የሚያጠምዱ መረቦች ተተክለው ተሞክረዋል። በሞሮኮ ፀረ አትላስ ተራሮችም ከጉም የሚገኝ ውሃ በቧንቧ ወደ መንደሮች ይሄዳል። ጋአን ሊባህ ላይ መረቡን ተፈጥሮ በነጻ ዘርግታዋለች፤ መረቡ ዛፉ ነው።

ስለዚህ ዛፉ ሲቆረጥ የሚጠፋው እንጨት ብቻ አይደለም። ጉሙ እንደ ወትሮው ይመጣል፣ ግን የሚያስቆመው አጥቶ ያልፋል። የጽድ ችግኝ ለማደግ ጥላና እርጥበት ስለሚፈልግ በተመነጠረው ቦታ ላይ ደኑ መልሶ መብቀል ይከብደዋል። በአማርኛ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የእንዲህ ዓይነቱ ደን መመናመንም እንዲሁ ነው። ከዓመት ዓመት ለዓይን የጎላ ለውጥ አይታይበትም፤ ከትውልድ ትውልድ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከመጥረቢያው ሌላ የሙቀት መጨመርም አለ። ከኤደን ባሕረ ሰላጤና ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ አሲር ተራሮች፣ ይኸው የጽድ ዝርያ በተለይ በዝቅተኛው ከፍታ ከጫፉ እየደረቀ መሆኑ ለአሥርት ዓመታት ሲጠና ቆይቷል። በሌሎች አህጉራት ባሉ የደመና ደኖች ላይ የተካሄዱ ጥናቶችም አየሩ ሲሞቅ የጉሙ መነሻ ከፍታ ወደ ላይ ሊሸሽ እንደሚችል ይጠቁማሉ። በሳናግ የሚገኘው ሺምቢሪስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ደኑ የሚሸሽበት ጥቂት ቦታ ሊኖረው ይችላል። 1,700 ሜትር ላይ የሚያበቃው ጋአን ሊባህ ግን ከዚያ በላይ መሄጃ የለውም።

ጠባቂ የጠፋበት ዘመን

በብሪታኒያ ጥበቃ ሥር በነበረችው ሶማሊላንድ ጋአን ሊባህ የደንና የግጦሽ ክልል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የቅኝ ገዥው አስተዳደር የግጦሽ ቁጥጥር ግን በአርብቶ አደሩ ዘንድ አልተወደደም። ከብቱን በዝናብ ተከትሎ የሚጓዝ ማኅበረሰብ ድንበር ተሰምሮ "እዚህ አትግባ" መባሉን እንደ ቅሚያ ነበር የቆጠረው። ያም ሆኖ ጠባቂ ነበረ፤ መጥረቢያውም ገደብ ነበረው።

ከ1960 ነጻነትና ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ውህደት በኋላ ኃላፊነቱ ወደ ሞቃዲሾ መንግሥት ተሻገረ። በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብና ሕዝቧ ወደ ኢትዮጵያ ሲሰደድ ደኑን የሚያስብ አልነበረም። በግንቦት 1991 ሶማሊላንድ ነጻነቷን ስታውጅ ከፈረሱት ነገሮች መካከል የደን ጠባቂው መዋቅር አንዱ ነበር። ከስደት የተመለሰው ሕዝብ ቤት መሥሪያ እንጨትና ማገዶ ይፈልግ ነበር፤ መንግሥቱ ደግሞ ቅድሚያ የሰጠው ለሰላሙ ነው። በዚያ ባዶ ጊዜ ብዙ ዛፍ ወድቋል፤ የጋራ የነበረው ግጦሽም በየቦታው እየታጠረ የግል መሆን ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ሐርጌሳ የሚገኘውን ካንድልላይት የተባለ አገር በቀል ድርጅት ጨምሮ የተለያዩ ተቋማት ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሥራዎችን ሞክረዋል። ከእነዚህ ሙከራዎች ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት የቅኝ ግዛቱ ዓይነት ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። አርብቶ አደሩ ደኑን እንዲጠብቅ ከተፈለገ በድርቅ ወቅት የት እንደሚያሰማራ መልስ ሊሰጠው ይገባል። በሶማሌ ባህል መሬትን በወቅት የሚያሳርፉና ግጭትን የሚፈቱ የጎሳ ሽማግሌዎች አሉ። ሥልጣኑ በእነርሱና በመንግሥት መካከል በግልጽ ካልተከፋፈለ ግን ሁለቱም "የእኔ ኃላፊነት አይደለም" የሚሉበት በር ክፍት ይሆናል።

ከሰልና ከተማ

የሐርጌሳ ቤቶች ምግብ የሚያበስሉት በአብዛኛው በከሰል ነው። ከሰሉ በዋናነት የሚመጣው ከግራር፣ በተለይም ሶማሌዎች ጋሎል ከሚሉት ዝርያ ሲሆን ጽዱ ደግሞ ለግንባታ ይፈለጋል። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ከሰል አክሳዩ ይበልጥ ርቆ ይሄዳል።

አክሳዩ ማነው? ብዙ ጊዜ ከብቱን ድርቅ የፈጀበት አርብቶ አደር ነው። በ2016 እና 2017 የደረሰው ድርቅ የሶማሊላንድን አርብቶ አደር ክፉኛ ጎድቶታል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 ደግሞ በአፍሪካ ቀንድ ሰፊ አካባቢዎች አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈዋል። መንጋው ያለቀበት ሰው የሚሸጠው የቀረው ነገር በዙሪያው የቆመው ዛፍ ነው። ዛፉ ሲወድቅ አፈሩ ይታጠባል፣ ሣሩ ይሳሳል፣ ቀጣዩ ድርቅም የሚገኘውን መንጋ ይበልጥ ደካማ ያደርገዋል። አክሳዩን ብቻ የሚቀጣ ሕግ ይህን ዙር አይሰብረውም። የማብሰያ ጋዝ ለተራው ቤተሰብ ከከሰል ረክሶ እስካልተገኘ ድረስ የተራራው ዕጣ የሚወሰነው በከተማው ምድጃ ላይ ነው።

የጋአን ሊባህ ውሃ በሐርጌሳ ቧንቧ አይወርድም፤ ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የተማመነችው በስተሰሜን ባለው የጌድ ዴብሌ የጉድጓድ ውሃ ነው። ከደኑ በቅርብ የሚጠቀሙት አርብቶ አደሮችና ከገደሉ ስር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ተራራና ወደብ የማይገናኙ አይደሉም። በርበራ ከጥንት ጀምሮ የምትጠጣው ከከተማዋ በስተደቡብ በተራሮች ግርጌ ከሚፈልቁት የዱባር ምንጮች ነው። በ1870ዎቹ ወደቧን ይዘው የነበሩት ግብፆች ከዚያ ውሃ የሚስብ መስመር ዘርግተው ነበር። መንግሥታት የሚደራደሩበት ወደብ የቆመው ተራራ በሚሰጠው ውሃ ላይ ነው።

ገንዘቡ በየት በኩል ይግባ?

ለተራሮችና ለድርቅ ተጋላጭ ማኅበረሰቦች የታሰበ ዓለም አቀፍ ገንዘብ አለ። እንደ አረንጓዴው የአየር ንብረት ፈንድ ያሉ ተቋማት ግን የሚሠሩት የአየር ንብረት ስምምነቱ አባል ከሆኑ አገሮች ጋር ነው። ሶማሊላንድ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ባለመሆኗ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የራሷ ወንበር የላትም፤ በወረቀት ላይ ጋአን ሊባህን የሚወክለው ሞቃዲሾ ነው። ሐርጌሳ ይህን አትቀበልም፤ ሞቃዲሾም በተራራው ላይ የምታዝዘው የለም። ገንዘቡ የሚደርሰው በተራድኦ ድርጅቶች በኩል፣ ተቆራርጦና የፕሮጀክት ዕድሜ እየተቆጠረለት ነው። የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ደግሞ ለማደግ አሥርት ዓመታት የሚፈልገውን ጽድ አሳድጎ አይጨርስም።

የፖለቲካው ጥያቄ በቅርቡ መልስ ባያገኝ እንኳ ተራራውን ከዚያ ነጥሎ ማየት ይቻላል። ወንዝና ጉም የተካፈሉ ጎረቤቶች ዕውቅናን ሳያነሱ ሊነጋገሩባቸው የሚችሉ ጉዳዮች አሉ፦ የጽድ ዘርና የችግኝ ልምድ፣ የአየር ሁኔታ መረጃ፣ ድንበር ተሻጋሪ የግጦሽ እንቅስቃሴ። ኢትዮጵያም በስሜንና በባሌ ያካበተችው፣ ስኬትም ስህተትም ያለበት ልምድ አላት። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2017 ከዓለም አቀፉ "በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች" መዝገብ የወጣው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው እንዲሰፍሩ ከተደረገ በኋላ ነበር። ጥበቃው ዋጋ እንዳለውና ዋጋውን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው የተራራው ነዋሪ መሆኑን ያ ታሪክ ያሳያል።

ጎብኚ ያድነዋል?

ቱሪዝም እንደ መፍትሔ ሲነሳ ይሰማል። ላስ ጌልን ለማየት ሐርጌሳ የሚመጣ ጎብኚ ወደ ጋአን ሊባህም ቢወጣ ለአካባቢው ገቢ ይገኛል። ዕድሉ አለ፤ ግን ሊጋነን አይገባም። የውጭ ጎብኚዎች ከሐርጌሳ ሲወጡ የታጠቀ አጃቢ እንዲይዙ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ መንገዱም ምቹ አይደለም። ገቢው ቢመጣ እንኳ በመመልከቻው ጫፍ ለሚቆመው አስጎብኚ ብቻ የሚደርስ ከሆነ ዛፉን ለመቁረጥ መጥረቢያ የሚያነሳውን ሰው አይለውጠውም።

በጎብኚው ገንዘብ ላይ ከመመካት በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። የተራራው ድንበር የት ነው? በየትኛው ወቅት፣ የማን መንጋ ይገባል? ጠባቂውን ማን ይቀጥራል፣ ደመወዙንስ በየወሩ ማን ይከፍላል? የኪሊማንጃሮን በረዶ የታንዛኒያ መንግሥት ብቻውን ሊያተርፈው አይችልም፤ የሚያቀልጠው የዓለም ሙቀት ነው። የጋአን ሊባህ ደን ዕጣ ግን ቢያንስ በከፊል በሐርጌሳና በዙሪያዋ ባሉ ሰዎች እጅ ላይ ነው።

ሶማሊላንድ ውስጥ ከእንስሳቱ ዕድሜ ያለፉ ስሞች አሉ። ሐርጌሳን የሚያቅፈው የማሮዲ ጄህ ክልል በስሙ ውስጥ ዝሆን አለ፤ ዝሆን ግን የለም። ከአንበሳ እጅ ተራራ ላይም አንበሳው ከጠፋ ቆይቷል። ሁለቱም የጠፉት መጠለያቸው ሲሳሳ ማንም ሳይቆጥራቸው ነው። ጽዶቹ ዛሬም ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ በመጪው ቀዝቃዛ ወቅት ጉሙ ከባሕሩ ሲነሳ የሚያስቆመው ዛፍ ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው።